በሂባ እግር ላይ የተንጠለጠለ ረፍት

አበራሽን ዓመት ከዓመት የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነው፤ አገሯ የምትገባበት ረፍት በሰው ልጅ እግር ላይ መንጠልጠሉ። ያ እግር ደግሞ አሁን ጭኗ ላይ ነው። ዱባይ፣ የበረዶ ሸርተቴ ሜዳው መልበሻ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የሂባን ጫማ ማሰሪያ እየሳበች ታጠብቃለች።

«ጠበቀ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት ጠበቀ ነው ወይስ ላላ?»

«ጠበቀ፣ አበር።»

ሂባ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አበራሽ ሻርጃ ያለው ቤታቸው በሠራተኝነት ስትገባ ልጅቷ ገና አፏን የምትፈታ ሕፃን ነበረች። ከዚያ ወዲህ አበራሽ አገሯን ያየችው አንዴ ነው። ቀጥሎ ልትሄድ ሻንጣ ስታዘጋጅ ኮሮና መጣና ሁሉ ነገር ተዘጋ። እሱ ሲያልፍ የሂባ እናት ማዳም ሁለተኛ ልጅ ወለደች፤ አራስ ጥሎ መሄድ ነውር ነው ተባለ፣ አበራሽም ነውር ነው ብላ ቀረች። ሕፃኑ መሮጥ ሲጀምር ደግሞ የሂባ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር መጣ። ዓምና ማዳም ሳቅ ብላ፣ «ሂባ ሜዳሊያ ካገኘች፣ ዋላሂ፣ በማግስቱ ትሄጃለሽ» አለቻት። ሂባ አምስተኛ ወጣች። ዘንድሮም ያው ቃል ተደገመ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣች አበራሽ ትሄዳለች፣ ካልወጣች ልምምዱ ይጠብቃል፣ ልጅቷን በየንጋቱ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል።

ሆሳዕና ያለችው ልጇ ቤዛ ደግሞ ማግባት ፈልጋ የእናቷን መምጣት ትጠብቃለች። የሚያገባት ልጅ ወገኖች ሽማግሌ ልከው እሺ ከተባሉ ቆዩ። ቀኑ ብቻ አልተቆረጠም። ቀን ካልተቆረጠ ቤተ ክርስቲያኑ የጋብቻውን ማስታወቂያ በምእመናን ፊት አያነብም፤ ሳይነበብ ደግሞ ጋብቻ የለም። የቤዛ አባት ከሞተ ቆይቷል። አጎቷ በእናቷ ቦታ ቆሞ ይዳራት ሲባል አበራሽ እምቢ አለች። «የወለድኩት እኔ፣ የምሰጠውም እኔ ነኝ። ቀን እንዳትቆርጡ» ብላ ስልኩን ዘጋች። እምቢ ካለች አለች ነው፤ ይህን ቤዛም፣ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት ግን ቤዛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የልጁ እናት፣ «ሴትየዋ ልጇን መዳር አትፈልግም እንዴ?» ማለት እንደጀመሩ ነገረቻት። አበራሽ ያን ቀን ምግብ አልወረደላትም።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሲምረት ናት፤ ናይፍ ገበያ ከነጋዴዎች ዕቃ እየተቀበለች በካርጎ ወደ አዲስ አበባ የምትልክ፣ ቡር ዱባይ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው በሚያመልኩበት ኅብረት ደግሞ የአበራሽ የጸሎት ጓደኛ። አበራሽ የሂባን ውድድር የጸሎት ርዕስ አድርጋ ስለሰጠች ሴቶቹ ዛሬ ጾም ይዘዋል። የድምፅ መልእክቱን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማችው።

«አበርዬ፣ ሻይ እንኳን የቀመሰ የለም። ግን አንድ ነገር ንገሪን፤ ነጥብ የሚሰጠው ለሚዞር ነው ወይስ ለማይወድቅ? አንዱ ወገን አዙርላት ይላል፣ ሌላው አቁምላት ይላል፤ ርዕሱ ተበታትኖብናል።»

አበራሽ ሳቋ መጣ። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «ለሚዞርም ለማይወድቅም ነው። ሁለቱንም ያዙልኝ» አለችና ወደ ኪሷ መለሰችው።

ሂባ ቁልቁል ታያታለች። «ሦስተኛ ከወጣሁ ነገ ትሄጃለሽ?»

«ነገ ትኬት የት ይገኛል። ያላ፣ ተነሺ።»

«ግን ትሄጃለሽ።»

«አንቺ ዝላይሽን አስቢ» አለቻትና ጠባብ የስፖርት ጃኬቷን ከትከሻዋ ላይ አወለቀችላት። ሌላ ነገር አላሰበችም። ልጆች ከውድድር በፊት ብዙ ይጠይቃሉ።

የታዳጊዎቹ ዓለም አቀፍ ሻምፒዮና ሁለተኛና የመጨረሻው ቀን ነው። ትናንት በአጭሩ ትርኢት ሂባ ከካዛክስታኗ ልጅ ቀጥላ ሁለተኛ ወጥታ ነበር። ማዳም ትናንትና ሙሉ ምሽቱን ስልክ ላይ ስትስቅ አመሸች፣ ዛሬ ደግሞ ከአጅማን እህቷን ይዛ መጥታ ከመስታወቱ ጀርባ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። አበራሽ ቦታዋ በረዶው ጠርዝ ላይ ነው፣ ከአሰልጣኟ ኋላ፤ ፎጣ፣ ውኃና ጃኬት ይዛ ትቆማለች። አሰልጣኟ ሩሲያዊት ናት፤ የምትናገረውን አበራሽ አትሰማላትም፣ ፊቷን ግን ታነባለች።

ከሁሉም መጨረሻ የሂባ ስም ተጠራ። ሙዚቃው ተነሳ።

መጀመሪያ ላይ ልጅቷ እንደምታውቀው ሄደች። ወደኋላ እየተንሸራተተች ክብ ሠራች፣ አንዱን ዝላይ ሁለት ዙር ዞራ አረፈች፣ ጭብጨባ ሆነ። ማዳም ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። አበራሽ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው። ቀጥሎ ትልቁ ዝላይ መጣ፤ በየንጋቱ መንገድ ሳይጨናነቅ ከሻርጃ ወጥተው ሂባ ደጋግማ የምትዘለው፣ ከሞከረችው ብዙውን የምታርፈው። ፍጥነት ያዘች፣ ተነሳች፣ አየር ላይ እጇን ከደረቷ ላይ ፈታ አንድ ጊዜ ብቻ ዞራ ወረደች።

አልወደቀችም። አበራሽ «እሰይ» ልትል ነበር፣ የአሰልጣኟን ፊት አይታ ዋጠችው። ሁለተኛው ትልቅ ዝላይ ላይም ያው ሆነ። ተነሳች፣ እጇን ፈታች፣ አንድ ዞራ ወረደች። ከዚያ ሙዚቃውን እስከ መጨረሻው ሳታጎድል ጨረሰች፣ ጎንበስ ብላ ለተመልካቹ እጅ ነሳችና ወጣች።

አበራሽ ጃኬቱን ስታለብሳት አሰልጣኟ ፊት ለፊቷ ቆማ በእንግሊዝኛ እጅሽን ለምን ፈታሽ አለቻት፤ ይህን ያህል አበራሽም ገባት። ሂባ «አላውቅም» አለች። ሁለቱም ውጤት የሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ካሜራው ሲያያቸው አሰልጣኟ ፈገግ አለች፣ ሂባም እጇን አወዛወዘች።

የሁለቱ ቀን ድምር ውጤት ስክሪኑ ላይ ወጣ። ካዛክስታን፣ ፊሊፒንስ፣ ቱርክ፣ ቀጥሎ ሂባ። አራተኛ። ከሦስተኛዋ የሚለያት አንድ ነጥብ እንኳን አይሞላም። ከፊት ረድፍ ማዳም ቦርሳዋን አነሳች።

አበራሽ ከሁሉ በፊት የታያት የቤዛ ፊት ነው። ለልጁ እናት አሁን ምን ተብሎ ይነገራል? አንዲት ሴት ልጅ በረዶ ላይ ዙር ስላጎደለች ሠርጉ ለዓመቱ ዞረ ይባላል? ማን ያምናል? ራሷም ሰው ቢነግራት አታምንም።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። አበራሽ እንደገና ተንበርክካ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረች። ሂባ አላለቀሰችም። ዓምና አምስተኛ ስትወጣ መኪና ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ነበር ያለቀሰችው።

«አሁን አትሄጂም፣ አይደል?» አለች ሂባ።

አበራሽ እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየቻት።

«ሆን ብለሽ ነው?»

ሂባ የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ ሳበች፣ ወደ ታች ሳበች።

«ሂባ። ሆን ብለሽ ነው ወይ ነው የምልሽ?»

«የነመርየም ሠራተኛ ረፍት ብላ ሄዳ አልተመለሰችም» አለች ልጅቷ። የጎረቤታቸውን ልጅ የመርየምን ኬንያዊት ሞግዚት ማለቷ ነው። «መርየም አሁንም በሩን ታያለች። አንቺም ልጅሽ ዘንድ ትቀሪያለሽ። መውደቅ አልፈለግሁም፣ ያማል። ትንሽ ብቻ ነው ያጎደልኩት።»

አበራሽ ልጅቷን ትከሻዋን ይዛ መነቅነቅ አማራት። ንጋት በንጋት የተነሳችው፣ እነሲምረት ውኃ ሳይቀምሱ የዋሉት ለዚህ ነው? ከዚያ ልጅቷን እንደገና አየቻት። ጫማው ግማሽ ተፈትቶ፣ ጥብቅ ያለው ጠጉሯ ላይ የተረጨው ብልጭልጭ ወደ ግንባሯ ወርዶ፣ አሥራ ሁለት ዓመት። የትልቅ ሰው ረፍት እዚህች ልጅ እግር ላይ የሰቀለው ማነው? ማዳም ናት። ሲሰቀል ቆማ ያየችው ማነው? አበራሽ ናት። ከማዳም በአፏ መጠየቅ የነበረባትን ነገር ከእግዚአብሔር ስትለምን ከረመች። ያውም በዙር በዙር።

በሩ ተከፈተና ማዳም ገባች፤ እህቷ ከኋላ በሩ ላይ ቀረች። ማዳም ልጇን ግንባሯን ሳመቻት፣ ምንም አይደለም አለቻት፣ አሰልጣኟ «ልጅቷ ደክሟታል» እንዳለቻት ነገረቻት። ከዚያ ወደ አበራሽ ዞረች።

«ማታ ማታ ስልክ ታስይዣታለሽ፣ አትተኛም፣ ይኸው። ኸላስ፣ አልሆነም። ዘንድሮ በደንብ ትሠራለች፣ ለከርሞ ሜዳሊያ ታመጣለች፣ ያኔ ትሄጃለሽ፣ ኢንሻአላህ።»

ሂባ እናቷን አላየችም። አበራሽን ነው የምታየው፤ ዓይኗን አልነቅል አለች። አበራሽ ገባት። አሁን አፏን ብትከፍትና ልጅሽ ሆን ብላ ነው ብትል ነገሩ ያልቃል። ውሉ ይሟላ ነበር፣ ሦስተኛ ትወጣ ነበር፣ አሰልጣኟም ትመሰክራለች። ማዳምም ቃሏን ላታጥፍ ትችላለች። ልጅቷ ግን ከዚህ ክፍል በምን ፊት ትወጣለች?

አበራሽ ማሰሪያውን ፈትታ ጨረሰች። ጫማውን አወለቀችላት፣ ብረቱን በጨርቅ ጠረገች፣ አስቀመጠችው። ተነሳች። ጉልበቷ ተንቋቋ።

«ማዳም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አገሬ እሄዳለሁ።»

ማዳም የሰማችው ነገር እውነት አልመሰላትም። «ሦስተኛ ከወጣች ነበር የተባባልነው።»

«የተባልኩት እንጂ የተባባልነው አይደለም። አንቺ ተናገርሽ፣ እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ጥፋት ነበር።»

«አበራሽ፣ አሁን ሙሽኪላ አታንሺ። ልጅቷ ተሸንፋለች፣ አታያትም?»

«አያታለሁ። ብታሸንፍ ለራሷ ነው፣ ብትሸነፍም ለራሷ ነው። የኔ ረፍት የሥራ ውሌ ላይ ነው ያለው፣ እግሯ ላይ አይደለም። ልጄን ልድር ነው። አንድ ወር።»

ማዳም ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ እህቷ ትሰማለች። ማን ልጆቹን እንደሚይዝ ጠየቀች። አበራሽ የማዳም እናት ቤት ያለችው ሠራተኛ ለአንድ ወር ልትመጣ እንደምትችል ነገረቻት። ማዳም ትኬት አሁን ውድ ነው አለች። አበራሽ ማዳም ካልቆረጠች ሲምረት እንደምትቆርጥላት፣ በኋላ እንደሚተሳሰቡ ተናገረች። መጨረሻ ላይ ማዳም ቦርሳዋን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችና፣ «ከሄድሽ ቪዛሽን ላላድሰው እችላለሁ። ይህን አውቀሽ ሂጂ» አለች።

ቪዛው የቤዛ ታናሽ ወንድም ትምህርት ነው፣ የቤት ኪራይ ነው፣ ብዙ ነገር ነው። ከአበራሽ አፍ አንድ ቃል ብቻ ወጣ።

«እሺ።»

ማዳም መኪናው ጋ እንደምትጠብቃቸው ተናግራ ከእህቷ ጋር ወጣች።

ሂባ በካልሲ ቆማለች። «አልነገርሻትም» አለች።

«የምነግራት ምን አለ። ከርሞ ግን ስትዘይ በሙሉ ዝለይ። እኔ ልሂድ አልሂድ አንቺን አይመለከትሽም። ሰምተሻል?»

«ትመለሻለሽ?»

አበራሽ «አዎ» ልትላት ፈልጋ ነበር። «እናትሽ በሩን ከከፈተችልኝ እመለሳለሁ» አለቻት። «ካልከፈተች ግን ስልክ አለ። ጫማሽን አድርጊ።»

ልጅቷ አኮረፈች፣ ግን ጫማዋን አደረገች። አበራሽ ግድግዳውን ተደግፋ ስልኳን አወጣችና ሆሳዕና ደወለች። ቤዛ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች፤ ስልኩ ላይ ተቀምጣ ነው የዋለችው።

«እማዬ፣ ልጅቷ እንዴት ሆነች?»

«አራተኛ ወጣች።»

ከቤዛ ጀርባ ሰው ሲጠይቃት፣ እሷም ዝም ስታሰኘው ይሰማል። «እሺ፣ ምንም አይደለም እማዬ» አለች በመጨረሻ፣ «እንግዲህ ለነሱ እንነግራቸዋለን።»

«ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው?»

«አልተሳካም ብዬ ነዋ።»

«ተይ። ቀኑን ቁረጡ» አለች አበራሽ። «ማስታወቂያውን ለቤተ ክርስቲያን ስጡ፣ የፊታችን እሑድ ይነበብ።»