ዘጠና ሰባት ከመቶ

ኬኔ ሰው አትፈራም፤ ትዳር ግን ትፈራ ነበር። እናትና አባቷ ተዋደው ነው የተጋቡት። ሠርጋቸውን ነቀምቴ ውስጥ አሁንም የሚያነሱት ሰዎች አሉ። ኋላ እናቷን ሲደበድብ የኖረው ግን ያው ያፈቀራት ሰው ነው። እናቷ ከሞተች በኋላ ኬኔ ልብስ እየሰፋች ታናሽ እህቷን ሊሊሴን አሳደገች፤ ጤና ኮሌጅም አስገባቻት። ጉቴ ከተማ ሒሳብ የሚያስተምረው ሮብሳን «እንጋባ» ሲላት እየወደደችው ዓመት ሙሉ መልስ ከለከለችው።

«ምን አጠፋሁ?» ይላታል።

«ምንም። አባቴም መጀመሪያ ላይ ምንም አላጠፋም ነበር።»

በዚህ መሀል ነው «ጥንድ» የሚባለው ማዕከል ነቀምቴ የገባው። ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች ከአዲስ አበባ መጥተው የአንድ ሆቴል አዳራሽ ተከራዩና ምራቅ መሰብሰብ ጀመሩ። ከምራቁ ዘረመል አንብበው ማን ከማን ጋር እንደሚዘልቅ በመቶኛ ይናገራሉ። ፓስተሮች ከመድረክ አወገዟቸው፤ ወጣቱ ግን ተሰለፈ። ኬኔም ሮብሳንን ለመነችው። እሱ እየሳቀ «ምራቅማ ምን ገዶኝ» አለና ሄዶ ሰጠ።

እሷ ተራዋ በደረሰ ቀን ግን ጥርሷን ተነቅላ ስለነበር አፏ ደም በደም ነበር። ደም የነካው ምራቅ አይሆንም ተባለች። ሰብሳቢዎቹ ደግሞ በማግስቱ ይሄዳሉ። አብራት የነበረችው ሊሊሴ ትንሿን ብልቃጥ ከእጇ ተቀበለቻትና መጸዳጃ ቤት ገብታ በራሷ ምራቅ ሞልታ አመጣችላት።

«የአንድ እናት ልጆች አይደለን? ያው ነው» አለቻት። እየተሳሳቁ ወጡ።

ውጤቱ በስልክ መጣ። ከሮብሳን ጋር አርባ አንድ ከመቶ። ጂሩ ከሚባል የማታውቀው ሰው ጋር ዘጠና ሰባት።

ኬኔ አርባ አንድ የሚለውን ስታይ ዓይኗ ላይ የመጣው ያበጠው የእናቷ ፊት ነበር። ሮብሳን «ቢያንስ ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ» አላት። ልታየው አልቻለችም። ስልኩ ላይ አቀርቅራ «ይቅርብን» አለችው።

ጂሩ አንገር ጉቲን ላይ ትራክተር ያከራያል፤ በቆሎም ያሳርሳል። ረጋ ያለ፣ ንጹሕ የሚለብስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ኬኔን «ዘጠና ሰባቴ» ነበር የሚላት። ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደሚያስከፋት አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። «ለምን እጠይቅሻለሁ? ተመርምሮ አልቋል» ይላል። ኬኔም ይህን እንደ ሰላም ቆጠረችው። ሽማግሌ ተላከ፤ ቀለበት ታሰረ።

ሠርጉ ሲቃረብ ሊሊሴ ከኮሌጅ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች።

«ኬኔ፣ ዛሬ ስለ ዘረመል ተማርን። እህትማማቾች አንድ አይደሉም። ከእናትም ከአባትም እያንዳንዳችን የወሰድነው ይለያያል። ያ ዘጠና ሰባት ያንቺ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ሊሊሴ አለቀሰች። ኬኔ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ከሮብሳን የለያት ቁጥር የሮብሳንና የእህቷ ነበር።

በማግስቱ ጂሩ ሲመጣ ቀለበቱን መለሰችለት። ምክንያቱን አልነገረችውም። «ልቤ እንቢ አለኝ» ብቻ አለችው።

«ልብ ይሳሳታል» አለ ጂሩ፣ ሳይቆጣ። «ዘረመል ግን አይሳሳትም። ነይ ግቢ፣ እናቴ ቤት ሄደን ራስሽ ንገሪያት። ከዚያ እመልስሻለሁ።»

ለእናቱ ይህን ማድረግ ተገቢ መሰላትና ፒክአፑ ውስጥ ገባች። መኪናው በእናቱ ሰፈር በኩል ሳይታጠፍ አለፈና ቁልቁል ወደ አንገር ሜዳ ወረደ። «አቁም!» ብትለው በሮቹን ቆልፎ መንዳቱን ቀጠለ። ስልኳንም ቀማት።

የዘጋባት ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተው የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር። «ነ ኦልቻ! አድኑኝ!» ብላ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። ሠራተኞቹ ይሰማሉ፤ ጂሩ ግን እጮኛው እንደሆነች ነግሯቸዋል። ሰውም በባልና ሚስት ጠብ አይገባም። በስልኳ ለሊሊሴ «ደህና ነኝ፣ ታርቀናል» ብሎ ጽፎላታል። ሊሊሴ አላመነችም። ሮብሳንን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድም «ከእጮኛዋ ጋር ነች፣ ምን እናድርግ?» ተባሉ።

ጂሩ አልነካትም። ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ሣጥን ላይ ይቀመጣል፤ ፊቷን ያያል።

«ዛሬስ?»

«ልቀቀኝ።»

«ትወጂኛለሽ። ጊዜ ይፈጅ ይሆናል እንጂ አይቀርም።»

ቀናት ሲከታተሉ ግን ረጋ ያለው ሰው መቅበጥበጥ ጀመረ። መብላት አቆመ። ማዕከሉ ጋ እየደወለ ይጠይቃል፤ «ስህተት የለም» ይሉታል። አንድ ማለዳ ናፍጣ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥሎ ገባና በሩን ከውስጥ ቆለፈው።

«ሰው ወዶኝ አያውቅም፤ እናቴም ጭምር» አላት። «ከዓለም ሁሉ የተመረጠችልኝ አንቺ ነሽ። አንቺም ካልወደድሽኝ እኔ የተበላሸሁ ነኝ ማለት ነው። አብረን እንለቅ።»

የጀሪካኑን ክዳን ፈታ። ኬኔ ወደ ግድግዳው ሸሸች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ብትናገር ትድናለች። ግን ይሄ ሰው የሊሊሴን ስም ከሰማ ነገ ኮሌጁ በር ላይ ይቆማል፤ ከነገ ወዲያ እዚህ መጋዘን ውስጥ ያለችው ሊሊሴ ናት። ዝም ካለች ደግሞ ሁለቱም ይቃጠላሉ። አእምሮዋ ሰው ፈለገ፤ ማንም ሊጎዳው የማይችል ሰው።

«ቆይ!» አለች። «ምራቁ የኔ አልነበረም።»

እጁ ቀጥ አለ። «የማን ነው?»

«የጓደኛዬ። ያን ቀን አፌ ደምቶ ነበር። አሜን ትባላለች… ትባል ነበር።»

«ነበር?»

«በወሊድ ሞተች። ባለፈው ክረምት።»

ጂሩ ጀሪካኑን አስቀመጠው። ከዚያ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ፣ ልጁ እንደሞተበት አባት ከሆዱ አለቀሰ። ያለቀሰላትን ሴት አንድም ቀን አላያትም።

«መቃብሯን አሳዪኝ» አላት ሲነሳ።

አሜን የኬኔ የልጅነት ጓደኛ ነበረች፤ አሟሟቷም እውነት ነው። ኬኔ ነቀምቴ እስኪደርሱ ድረስ በሆዷ ይቅርታ ስትጠይቃት ተጓዘች። መቃብር ቦታው የደረሱት ረፋድ ላይ ነው። የአሜን ፎቶ መቃብሯ ላይ አለ፤ እየሳቀች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ። ሥሩ «ባለቤትሽ ሌንጮ» ይላል። ጂሩ ተንበረከከና ሌንጮ የሚለውን ስም በመዳፉ ሸፈነው።

«ይቺ ናት» አለ በሹክሹክታ። «ሳያት አወቅኳት።»

ከበሩ በኩል ቀብር የሚያጅቡ ሰዎች እየዘመሩ ይመጡ ነበር። ኬኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ከዚያ ሌላ። ጂሩ ዞሮ አላያትም። ሮጠች። ከለቀስተኞቹ መሀል ገብታ የአንዲት ሴትዮ ነጠላ ላይ ተጠመጠመች።

«ማል ታቴ ኢንታላ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ?»

ኬኔ በጣቷ ወደ ጂሩ አመለከተች። ፖሊስ ሲመጣ ጂሩ ከመቃብሩ ሥር አልተነሳም ነበር። እጁን ለካቴና ሲሰጥም ዓይኑ ከፎቶው አልተነቀለም።

ፖሊስ ጣቢያ ሊሊሴና ሮብሳን መጡ። ሮብሳን ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት። ኬኔ ስለ ምራቁ ነገረችው።

«አርባ አንዱ ያንተና የሊሊሴ ነው። የኛን ስንት እንደሆነ አናውቅም።»

«እኔ የኛን አውቅ ነበር» አለ ሮብሳን። «ምራቅ የሰጠሁት አንቺ እንድታውቂ ብዬ ነው።»

ምስክርነቷን ሰጥታ እስክትጨርስ ውጭ ቆሞ ጠበቃት፤ ቤቷ አደረሳት። ከዚያ በኋላ ግን አልመጣም። ብትደውልለት በትሕትና ይመልስላታል፤ እንደ ጎረቤት።

ጂሩ ተፈረደበት። ከእስር ቤት ሆኖ እናቱን በየሳምንቱ አበባ ይዛ ወደ አሜን መቃብር እንድትሄድ ያደርጋት ጀመር። ወሬው ከተማውን ዞረ፤ የአሜን ባል ጋም ደረሰ። ሌንጮ ጨቅላውን ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ ሰው ነው። አንድ ቀን ኬኔ ቤት መጥቶ ሳይቀመጥ ጠየቃት።

«ለሚስቴ የሚያለቅሰው ይሄ ሰውዬ ማን ነው? ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ኬኔ ልትዋሸው አልቻለችም። ምራቁ የማን እንደነበር፣ በናፍጣው ፊት የአሜንን ስም ለምን እንደጠራች ሁሉንም ነገረችው። ሌንጮ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማት።

«እህትሽን ለማትረፍ ሚስቴን ሰጠሽ።»

«አዎ።»

«አሜን ብትጠየቅ እሺ ትልሽ ነበር፤ አውቃታለሁ» አለ። «እኔ ግን እሺ አልልም።» በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ኬኔ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም። ሌንጮ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ጂሩ ጋ ይደርሳል፤ ጂሩ ደግሞ አንድ ቀን ይፈታል። ሊሊሴ ትምህርቷን እንደጨረሰች ከከተማው ርቃ ኑኑ ቁምባ ጤና ጣቢያ እንድትመደብ ኬኔ ለመነች፤ የት እንዳለችም ለማንም እንዳይነገር ሆነ።

ከዚያ አንድ እሑድ የጂሩ እናት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሌንጮን ከሰው ፊት ያዘችው። አሮጊቷ ጉልበቱ ላይ ልትወድቅ ስትል ደግፎ አነሳት።

«ኦቦ ሌንጮ፣ ልጄ አላምንም እያለ ይጨነቃል። ያቺ ስፌተኛ ዋሽታኝ እንደሆነስ ይላል። ምራቁ በእርግጥ የሚስትህ ነበር? ፈጣሪን እየፈራህ ንገረኝ።»

ኬኔ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ሌንጮ አይቷታል። ሰዉ ሁሉ አፉን ያያል። ልጁን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አዎ፣ እናቴ» አለ። «የሚስቴ ነው።»

ኬኔ በዓይኗ ልታመሰግነው ፈለገች። እሱ ግን ዓይኑን ሳያሳያት በአጠገቧ አለፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነቀምቴ ውስጥ ፊት ለፊት ሲገናኙ ሰላም ብሏት አያውቅም።