አራተኛው ጥያቄ

ሥራዬ ማይክ መያዝ ነው። የስድሳኛ ዓመት ልደት፣ ሠርግ፣ የገበያ ማኅበር በዓል፣ የዓሣ አጥማጆች የዘፈን ውድድር፣ ተጠርቼ የቀረሁበት የለም። ወደቡ አካባቢ ባንግ ጊቾል ብላችሁ ብትጠይቁ የማያውቀኝ የለም፤ ግማሹ ደግሞ "ያ ለፍላፊ" ይላችኋል። ስለዚህ የከተማችን ጤና ቢሮ ባለፈው መኸር ደውሎ "ራስን ማጥፋትን ለመከላከል በሚደረጉ ጥናቶች ላይ ሕዝቡ ቅድሚያ የሚሰጠውን እንዲመርጥ ስብሰባ አለን፤ መድረኩን ያዝልን" ሲለኝ ተሳስተው የደወሉ መስሎኝ ነበር።

አልተሳሳቱም። የቢሮው ቡድን መሪ ኩ የምትባል ቀጭን ሴት ናት፤ ሁልጊዜ ስለምትሮጥ እሷን ማየቱ ራሱ ያደክማል። ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ጠብቃ መመሪያ ሰጠችኝ።

"ጋሽ ባንግ፣ ሞቅ ይበል፣ ግን ሳቅ አይኑር። ሰዉ ስሜቱን ይግለጽ፣ ግን እንዳያለቅስ። ደግሞ አደራዎን ቃሉን እንዳይጠሩት።"

"የቱን ቃል?"

ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ራስን... ያንን። 'የመጨረሻው ምርጫ' ይበሉት።"

"ስብሰባው ስለሱ አይደለም እንዴ?"

"ስለሱ ነው። ግን ስለሱ ባይመስል ይመረጣል።"

መድረኩ ላይ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። የጥናት ርዕሶች ተራ በተራ ታትመውበታል፤ ተሰብሳቢው ክብ ክብ ተለጣፊ ወረቀት ይታደለውና የወደደው ርዕስ ፊት ይለጥፋል። የሰፈር መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ምን ዓይነት ቀለም ይቀባ የሚለውንም የምንወስነው እንዲሁ ነው። ሕዝቡ ቅድሚያ ሊሰጥ ተጠራ፤ ርዕሶቹ ግን ከሕዝቡ ቀድመው ደርሰው፣ ታትመው፣ ባለ ቀለም ሆነው ነበር።

ቁጥሮቹን ሳያቸው ከሦስት ቀጥሎ አምስት ነው። "አራት የት ሄደ?" ብዬ ኩን ጠየቅኳት።

"ኧረ ጋሽ ባንግ! ዛሬ? እዚህ?"

ገባኝ። በኛ አፍ አራትም ሞትም "ሳ" ነው የሚባሉት። ሆስፒታሎቻችን አራተኛ ፎቅ የላቸውም፤ ሊፍቱም ላይ ቦታውን ፊደል ይይዝለታል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እኔም ቤት ስከራይ አራት ቁጥርን እሸሻለሁ። ነገር ግን ሞትን ለመከላከል የተጠራ ስብሰባ ሥራውን ሞትን ከቁጥር በመሰረዝ ሲጀምር ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

አዳራሹ ሞላ። ኩ "ሕዝብ" የምትላቸው በአብዛኛው ከአረጋውያን መዋያ በአውቶቡስ የመጡ አያቶች ናቸው። የሰፈሩ ሹም ምሳና ፎጣ እንዳለ ነግሯቸዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስለ መኪና ማቆሚያ ሐሳብ ሰጥተው ሳሙና ወስደዋል። አንዳቸውም መኪና የላቸውም።

የፊተኛው ረድፍ ላይ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ተቀምጠዋል። ከነሱ መሃል ፕዮ ሱኒምን አየኋት። ከወደቡ ጀርባ ልብስ የምታስተካክለው ሴት ናት፤ ይህን የለበስኩትን ሱሪ ያሳጠረችልኝ እሷ ናት። ልጇ ኡንሳንግ አንደኛ ዓመቱን ሲያከብር ማይክ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንደ ወጉ ጠረጴዛ ላይ እርሳስ፣ ብር፣ ክር ደርድረን ሕፃኑን ለቀቅነው፤ መጀመሪያ ያነሳው ዕጣው ነው ይባላል። ክሩን አነሳ። ክር ማለት ዕድሜ ነው። "ረጅም ዕድሜ!" ብዬ በማይክ የጮህኩት እኔ ነኝ። ልጁ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞተ፤ እኔም አዳራሹ ውስጥ እሷን ትክ ብዬ ማየት አቃተኝ፣ አፈርኩ።

ጥናቱን የሚመራው ፕሮፌሰር ሜንግ ተነሳና ርዕሶቹን አብራራ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሲናገር ግን ለሌላ ፕሮፌሰር ነው የሚናገረው፣ ያኛው ፕሮፌሰር ደግሞ አልመጣም። የፀሐይ ብርሃን ስሜት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ የሚል ርዕስ አለ። ድልድይ ላይ የሚያልፈውን ሰው ፊት አይቶ ሐዘኑን የሚለካ ካሜራ አለ። ስድስተኛው ለብቻዋ የታሰረች አይጥ አንጎል ውስጥ ስለሚመነጭ ንጥረ ነገር ነው። ሲጨርስ፣ "ጥያቄ ያለው?" ብዬ ማይኩን አዞርኩ።

ሱኒም ተነሳች።

"ፕዮ ሱኒም እባላለሁ። ልጄ መጀመሪያ ጊዜ ሲሞክር ሆስፒታል አተረፉት። እግዜር ይስጣቸው። ሲያስወጡት ወረቀት ሰጡት፣ 'ከከፋህ ደውል' የሚል። የከፋው ሰው በምን አቅሙ ነው የሚደውለው? ጥያቄዬ አጭር ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ማን ይደውልለታል? ይሄ ይጠናልኝ።"

"እጅግ ጠቃሚ አስተያየት ነው፣ እናታችን" አለ ሜንግ። እኛ ዘንድ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ሁሉ እናታችን ናት፤ አክብሮት መሆኑ ነው። "'ሌሎች' በሚለው ሥር እንይዘዋለን።"

"'ሌሎች' የቱ ጋ ነው? ሰሌዳው ላይ አላየሁትም።"

"ሰሌዳው ላይ ቦታ ስላልበቃን..."

"ቦታማ አለ። አራት ባዶ ነው። እዚያ ጻፉልኝ።"

ኩ እየሮጠች መጣች።

"እናታችን፣ አራትማ... ጥሩ ቁጥር አይደለም።"

"ሱኒም በይኝ። እናት የሚለኝ ልጅ ነበረኝ። ቁጥሩ ከዚህ በላይ ምን ያደርገኛል?"

ኩ ወደ ሜንግ አየች፣ ሜንግ ወደ ጣሪያው። እኔ ጸጥታ አልችልም፤ ሥራዬም ጠባዬም አይፈቅድልኝም። ወፍራሙን እስክሪብቶ አንስቼ በሦስትና በአምስት መሃል "4. ከሆስፒታል ሲወጣ ማን ይደውልለታል?" ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌ ያስቃል፣ ግን ይነበባል። ኩ በዓይኗ ስታቃጥለኝ "ሞቅ ይበል ብለሽኝ የለ?" አልኳት።

የመለጠፉ ሰዓት ደረሰ። አያቶቹ በሰልፍ ወጡ። መጀመሪያ ላይ አይጧ ያለ ተቀናቃኝ መራች፤ ለካስ ግማሾቹ የተወለዱት በአይጥ ዓመት ነው፤ እኛ ዘንድ ዓመቶች በእንስሳ ስም ይጠራሉ። አራትን ግን ሁሉም ሲደርሱበት ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ያልፉታል።

"እዚህኛውስ፣ እማማ?" አልኳቸው እማማ ኦክን። የመዋያው አንጋፋ ናቸው፤ እሳቸው ካልጀመሩ ማንም ማንኪያ አያነሳም።

"ሂድ ወዲያ! በዚህ ዕድሜዬ አራት ላይ በእጄ ምልክት አድርጌ ቤቴ ልደርስ ነው?"

"አንብበውታል ግን?"

"መነጽሬን አልያዝኩም።"

አነበብኩላቸው። እማማ ኦክ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞሩ። "አንቺ፣ ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነበር?"

"ሃያ ስድስት" አለች ሱኒም።

"ሃያ ስድስት" ብለው ደገሙት። አይጧ ላይ የለጠፉትን በጥፍራቸው ላጡና አራት ላይ ደፍጠጥ አድርገው መቱት። "እኔ ሰማንያ ሦስት ነኝ። አራት ቢወስደኝስ? ተራዬን ነው የሚወስደኝ። እናንተ ምን ትገተራላችሁ? ለምሳው አፋችሁን ስትከፍቱ ፈጣኖች ናችሁ!"

ሰልፉ ተመልሶ መጣ። አይጧ ተራቆተች። አራት ፊት ቦታ ሲጠፋ ሰው የሰሌዳው ጠርዝ ላይ፣ ቀጥሎም እጄ ላይ መለጠፍ ጀመረ። ሱኒም ከንፈሯን ነክሳ ታያለች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤ ሕዝብ የሚባለው ነገር እውነትም አለ እንዴ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሜንግ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቂት መታ መታ አደረገና ተነሳ።

"ሕዝቡ በመረጠው መሠረት የመጀመሪያው የጥናት ርዕሳችን ይህ ይሆናል። 'ሕክምና ካጠናቀቁ ተገልጋዮች ጋር የሚመለከታቸው አካላት በሚኖራቸው የተግባቦት ቀጣይነት ላይ ተፅዕኖ የሚያሳድሩ ሁኔታዎች ዳሰሳ።'"

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ልማድ ነው።

"የኔስ?" አለች ሱኒም።

"ይሄው ነው፣ እናታ... ወይዘሮ ሱኒም። የእርስዎ ነው፣ በጥናት ቋንቋ።"

"የኔ 'ማን' ይላል። 'ማን'ን የት አደረሳችሁት?"

"'የሚመለከታቸው አካላት' የሚለው ውስጥ አለ።"

"ስልክ አለው?"

"ማን?"

"የሚመለከተው አካል።"

አያቶቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ኩ ሳቅ አይኑር ያለችው ለእኔ ብቻ ስለነበር ምንም ማድረግ አልቻለችም። ሱኒም ግን አልሳቀችም።

"ስም ይጥሩልኝ። ሐኪሙ ነው? ነርሷ ናት? እርስዎ ነዎት?"

"ጥናቱ የሚመልሰው እሱን ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ውጤቱ..."

"እስከዚያስ?"

ሜንግ ውሃ ጠጣ። ሱኒም ተቀመጠች። ያን ያህል ሰው ደግፏት እንደዚያ ባዶ እጇን ስትቀመጥ ሳይ ተናደድኩ፤ የተናደድኩት በሜንግ ብቻ ሳይሆን እጄ ላይ በተለጠፈውም ክብ ወረቀት ሁሉ ነው።

ያን ጊዜ መድረኩ ዳር፣ ከአበባው ማስቀመጫ ጀርባ የተቀመጠ ሰው እጁን አወጣ። ታክ ይባላል፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ አርባዎቹን ያለፈ። ፕሮግራሙ ላይ "የሕይወት ልምዱን የሚያካፍል" ተብሎ ተጽፎለት ነበር፤ የተመደበለትን ጊዜ ግን እንግዶቹ በሰላምታ ጨርሰውበታል። እሱንም ሆስፒታል ነው ያተረፉት።

"እኔ የወጣሁት ባለፈው ወር ነው" አለ።

"ማን ደወለልህ?" አለች ሱኒም ወዲያው።

"ጤና ቢሮው ደውሎልኛል።"

ኩ ፊቷ በራ። ሜንግ "አያችሁ!" አለ።

"ምን አሉህ?"

"እዚህ ስብሰባ ላይ እንድናገር ጠየቁኝ።"

"ሌላስ?"

ታክ አሰበ። በደንብ ነው ያሰበው፣ ማንንም ላለማስቀየም። "ሌላ... ኢንተርኔት ቀይር የሚል ድርጅት።"

ማንም አልሳቀም። ሱኒም ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣች። "ቁጥርህን ንገረኝ።"

"የግል መረጃ ነው!" ብላ ኩ ከወንበሯ ተነሳች። "በሕዝብ ፊት አይቻልም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ መፈረም አለበት!"

ታክ ከመድረኩ ወርዶ የሱኒምን ስልክ ተቀበለና ቁጥሩን ራሱ ጻፈላት። ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ። ኩ በዓይኗ ስታጣድፈኝ ለሜንግ ማይኩን ሰጠሁት፤ እሱም "በማጠቃለያም፣ ባለድርሻ አካላት በሙሉ..." ብሎ ጀመረ።

መድረኩ ላይ ስልክ ጮኸ። ሾፌሮች የሚወዱት ዓይነት ዘፈን ነው፣ እስከ ጥግ የተከፈተ። ሜንግ አቋረጠ። ኩ አንገቷን አስግጋ በጣቷ ጆሮዋን፣ ከዚያም አፏን እያሳየች "ስልክ እንዲያጠፉ ንገር!" አለችኝ ያለ ድምፅ። አላየሁም። የመጋረጃውን ቀለም እያደነቅኩ ነበር።

ታክ ስልኩን አየው፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን ሴት አየ፣ አነሳው።

"ሄሎ?"

"ሱኒም ነኝ" አለች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፤ በመሃላቸው ያለው ርቀት እጅ ቢዘረጉ የሚነካኩበት ነው። "ምሳ በልተሃል?"

"ገና ነኝ።"

"ነገም እደውላለሁ። ታነሳለህ?"

አዳራሹ ሁሉ፣ አያቶቹ፣ ኩ፣ ሜንግም ማይኩን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ የታክን አፍ ጠበቀ።

"አነሳለሁ" አለ።