ለባሮኑ የታዘነለት ዓመት

«አገር ሁሉ ሲጠላው እርስዎ አልተለዩትም» አለ ሩርዳ፣ የኦዲሊያን እጅ በሁለት እጁ እንደያዘ። «የሕፃኗን ነገር እንድንጽፍ መፍቀድዎ ራሱ ቀላል አልነበረም።»

የባሏ የባሮን ዲዴሪክ አስከሬን ከጀርባዋ ክፍት ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። እንግዶቹ የቡና ስኒያቸውን እንደያዙ በሹክሹክታ ያወራሉ። ሩርዳ ስለ ዲዴሪክ ቅሌት ሲጽፍ ያረጀ ጋዜጠኛ ነው፤ ቢሆንም ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው በር ላይ መመለስ ነውር ሆኖባት አስገብታው ነበር።

«ማን ፈቀደ?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። «እሱ ነው ደውሎ የነገረኝ። እመቤቲቱ ታውቃለች ብሎኝ... እኔ እኮ የሚያውቁ መስሎኝ ነው።»

ስለመጣ አመስግና እስከ በሩ ሸኘችው። እንግዳ ፊት እንዳትወድቅ ተደርጋ ያደገች ሴት ነች።

ዲዴሪክ ከወጣትነቱ ጀምሮ የጋዜጦች ሲሳይ ነበር። ዛሬ ከዳንሰኛ ጋር በጀልባ፣ ነገ ቁማር ቤት ደጃፍ ከሰው ጋር ሲደባደብ ይታያል። ሰውም እየሳቀ ያልፈው ነበር። አንድ መጸው ግን ጠጥቶ ሲነዳ በብስክሌት የምትሄድ አስተማሪ ገጨና እግሯን ሰበረ። ያኔ የሳቀለት ሁሉ ተነሣበት፤ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ እንኳ ሰላምታ ነፈገው። ብዙም ሳይቆይ ጋዜጣው ሌላ ወሬ ይዞ ወጣ፤ ባሮኑ ሳትተነፍስ የተወለደች ልጁን በድብቅ ቀብሯል፣ መጠጥ ውስጥ የከተተውም ይኸው ሐዘን ነው የሚል። የሰው ልብ ራራ። ዳቦ ጋጋሪውም ቆቡን አውልቆ እጁን ጨበጠው።

ያንን ምስጢር ከባልና ሚስቱ ሌላ የምታውቀው የኦዲሊያ ታላቅ እህት ሄስተር ብቻ ነበረች። በምጡ ጊዜ አብራት የነበረችው፣ ሕፃኗንም በፎጣ የጠቀለለቻት እሷ ነች። አልተናገርኩም ብላ ማለች፣ ተገዘተች። ኦዲሊያ አላመነቻትም። ዲዴሪክ ፀጉሯን እየዳበሰ፣ «እህት በእህት ትቀናለች፤ ተያት» አላት። ተወቻት። እናታቸው ስትቀበር እንኳ ጎን ለጎን አልቆሙም።

የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ይሏል ይህ ነው። ለካ ሲያባብላት የነበረው እጅ ነው ስልኩን ያነሣው። የእሷን ሐዘን አውጥቶ ለራሱ ምሕረት ገዝቶበታል።

እንግዳው ቀለል ሲል ለሄስተር ደወለች።

«ዲዴሪክ ሞተ።»

«ጋዜጣ ላይ አየሁት» አለች ሄስተር። «ስለ እናንተ የምሰማው ከዚያው ነው።»

«ያኔ የተናገርሽው አንቺ አልነበርሽም።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ነግረሽኝ ነበር። እሱ ራሱ ነው።» ድምጿ ተሰበረ። «ሰው ሁሉ እያጽናናኝ ነው፣ እኔ ግን ላለቅስለት አልቻልኩም። ነይልኝ።»

በማግስቱ መጣች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ሳጥኑ አጠገብ ቆማ ዲዴሪክን ትክ ብላ አየችው። ኦዲሊያ ስድብ ጠበቀች፤ ቢሰደብም አልጠላችም ነበር።

«አርጅቷል» አለች ሄስተር፣ ሌላ አልጨመረችም።

ከክፍሉ ወጥተው የፎቁ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ስለ ባከነው ዘመን ማንሣት ሁለቱም ፈሩ። በመጨረሻ ሄስተር ተናገረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ እያልኩ ነበር የተለያየነው። ስሟን ማን ልትያት ነበር?»

ጋዜጣው ይህን አልጻፈውም። ዲዴሪክም አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«ሚርተ» አለች ኦዲሊያ። ስሙ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«ሚርተ» አለች ሄስተር፣ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደሚጠራ ሰው።

የበሩ ደወል ጮኸ፤ ባሮኑን ሊሰናበቱ የመጡ ናቸው። ኦዲሊያ አልተነሣችም። የእህቷን እጅጌ ጫፍ በጣቶቿ ጨብጣ፣ ደወሉ ደጋግሞ ሲጮኽ ይበልጥ አጠበቀችው።