ጥቅምት 17

ይርጋነሽ በውሃ የተሞላውን ኩባያ ለባሏ አቀበለችና ጉሮሮውን ማየት ጀመረች። ውሃ መፍራት የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት እንደሆነ ሰምታለች። አስናቀውን ቢቸና ገበያ ላይ ውሻ ከነከሰው ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ሲጠጣ ሳታይ አታድርም።

አስናቀው ጨልጦ ጠጣ። «ገና አልጮኽኩም» አላት።

አልሳቀችም። በጣቷ እየቆጠረች ነበር። የመጀመሪያውን መርፌ መስከረም 30 ተወጋ። ለሁለተኛው የቢቸና ክሊኒክ ነርስ ወይንእሸት በቃሏ ቀጠረችው፤ እሱንም በቀኑ ተወጋ። ሦስተኛው ግን ከመጀመሪያው በሳምንቱ እንደሆነ፣ ቀኑንም ስልኩ እንደሚያስታውሳቸው ነግራቸው ነበር። የቀጠሮ መተግበሪያውን ለክሊኒኩ የሠራችው ሞጣ የምትኖረው ልጃቸው ስርጉት ናት። ይርጋነሽ ከፈተችው። «ቀጣይ መርፌ፦ ጥቅምት 17» ይላል። ዛሬ ጥቅምት 9 ነው።

ሞጣ ደወለች።

«ስርጉት፣ ይኼ ያንቺ ነገር ሳምንትን ስንት ቀን አድርጎ ነው የሚቆጥረው?»

«ሰባት ነዋ እማዬ።»

«ለአባትሽ አሥራ ሰባት አድርጎታል።»

ስርጉት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳች። ሁሉንም ከባዶ አልጀመረችም፤ ከኢንተርኔት ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡትን ቴምፕሌት አውርዳ በእሱ ላይ ነው የሠራችው። እንደ ድረ ገጽ ይከፈታል፤ ስልክ ላይ ከተጫነ ደግሞ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። የእሷ ሥራ ቀለሙን መለወጥና ቃላቱን ወደ አማርኛ መመለስ ነበር።

«ኦክቶበር የሚለውን ጥቅምት አልኩት እማዬ። ቁጥሩ የፈረንጅ እንደሆነ ቀረ። የአባዬ ቀን ጥቅምት 7 ነበር።»

ሁለት ቀን አልፏል። ይርጋነሽ ነጠላዋን ከመስቀያው ስታወርድ ስርጉት አሁኑኑ እንደምታስተካክለው ነገረቻት። ኔትወርክ ያላገኘ ስልክ ግን አሮጌውን ማሳየቱን ይቀጥላል። ቢቸና ውስጥ ዳታ ከጠፋ ሰንብቷል።

«ለክሊኒኩ ዛሬ እንዳትነግሪብኝ እማዬ። ነገ የሞጣ ክሊኒክ መተግበሪያውን ሊያይ ነው። ከተቀበሉት እቀጠራለሁ።»

በባጃጅ ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ ይርጋነሽ የባሏን አፍ ከማየት አልቦዘነችም።

ወይንእሸት ቀኑን ሰምታ ተቆጣች፤ ሆኖም ሳትዘገይ ወጋችው። መርፌውን ማቋረጥ አደገኛ እንደሆነ፣ ዛሬ መምጣታቸው ግን ደግ እንደሆነ ነገረቻቸው። ይርጋነሽ ከነጋ ገና አሁን ተነፈሰች።

«ለምን ቆያችሁ ግን?»

አስናቀው እጅጌውን እየመለሰ ሚስቱን አየ። «ረሳነው» አለ።

ነርሷ መዝገቡ ላይ ጻፈች። «ሰው ምን ነክቶታል? አመተ ሥላሴም በዚያው ቀን ነበር መምጣት የነበረባት፤ ያው ውሻ ነው የነከሳት። መተግበሪያውን ስልኳ ላይ ጭኜላት ቀረች።»

አስናቀው ተነሥቶ በሩን ከፈተ። ይርጋነሽ አልተከተለችውም። ስልኳን አውጥታ ጥቅምት 17 የሚለውን ገጽ እንደተከፈተ መዝገቡ ላይ አስቀመጠችው።

«አልረሳንም ሲስተር። ይኼን የሠራችው ልጄ ስርጉት ናት፤ ቀኑን አሳስታዋለች። የጫንሽላቸውን ሰዎች ስም ንገሪኝ። ከአመተ ሥላሴ ቤት እጀምራለሁ።»