ትንሹ መነኩሴ የቀረጸው

ፊሎሜና ካሜራውን ስትከፍት ማንም ያልቀረጸው ነገር ተቀርጾ አገኘች።

እሷና ማርዚያ ኔፕልስ፣ ሳኒታ ሰፈር፣ የአክስቷ የቴሬሲና ቤት ውስጥ ለኢንተርኔት ተከታታይ ድራማ ይሠራሉ። ድራማው ስለሚዋደዱ ሁለት ሴቶች ነው፤ ፊሎሜና አዳን ሆና፣ ማርዚያ ሊያን ሆና ይጫወታሉ። እንደነሱ ሴት የሚወዱ ሴቶች ከየከተማው እየጻፉ "አዳ መቼ ነው የምትነግራት?" ብለው ያደርቋቸዋል። ፊሎሜናንም እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነው። ካሜራ ፊት አፏ ማር ነው፤ ካሜራው ሲጠፋ ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ማርዚያ የምትወደው አዳን ይሁን እሷን በምን ትወቀው?

አሁን አወቀች። ቪዲዮው ላይ ማርዚያ ወጥ ቤት ብቻዋን ተቀምጣ፣ ባዶ ወንበር እያየች "እወድሻለሁ፣ ፊሎሜና" ትላለች። አዳ አላለችም። የተቀረጸው ደግሞ ከጉልበት ከፍታ ነው፤ ካሜራው ግን ባትሪው ወልቆ ቦርሳ ውስጥ ነበር የዋለው።

አክስት ቴሬሲና አልደነቃቸውም።

"ትንሹ መነኩሴ ነዋ፣ የቤቱ መንፈስ! የቤቱ ባለቤት እሱ፣ ተከራይዋ እኔ። ሲሰጥሽ ተቀበዪ፣ ለማንም ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።"

"ብተነፍስስ?"

"ለእናቴ ወርቅ ሰጥቷት ለጎረቤት አወራች። ወርቁ ከሰል ሆነ።"

"ቪዲዮ ምን ይሆናል ታዲያ፣ አክስቴ?"

"እኔ ምን አውቄ! አፍሽን ዝጊ፣ ወፈፌ።"

በማግስቱ ቀረጻ ላይ ፊሎሜና ድፍረት አገኘች።

"ማርዚያ፣ እወድሻለሁ።"

"ሊያ ነው የምትዪው፣ ደነዝ! እንደገና።"

"ሊያን አይደለም ያልኩት።"

ማርዚያ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ ዓይኗን አጠበበች።

"ቆይ፣ አንቺ? አስተናጋጅ መጥራት የምታፍሪው? ማን ነገረሽ?"

"ማንም።"

"ሰልለሽኛል! ካሜራ ደብቀሽብኛል፣ አይደል?"

ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩን ከፈተች። ፊሎሜና ዝም ብትል ማርዚያ መሄዷ ነው፤ ብትናገር ደግሞ ከሰሉ አለ። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ስትሰማ አፏ ከእሷ ቀደመ።

"ትንሹ መነኩሴ ነው የቀረጸሽ!"

ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ማርዚያ እየሮጠች ተመለሰች። የኔፕልስ ልጅ አይደለች? ሕጉን ጠንቅቃ ታውቃለች።

"አንቺ ጅል! ለምን ነገርሽኝ?"

"ልትሄጂብኝ ነበራ!"

ቪዲዮውን ከፈቱት። ሁለቱም ወንበሮች ባዶ ናቸው። የድራማውን የቆዩ ክፍሎች ቢያዩም ያው ነው፤ አዳ ከአየር ጋር ትስቃለች፣ አየሩን ታቅፋለች። ተመልካቾች "ሊያስ?" ብለው ጮኹ።

ማርዚያ ግን አልሄደችም። መጀመሪያ ሰሞን "ብጉሬ መታየቱ ቀረልኝ!" እያለች ትቀልድ ነበር። አክስት ቴሬሲና በባሕሩ ዳርቻ ፎቶ ሲያነሷቸው ግን ቀልዱ ቆመ፤ ፎቶው ላይ ፊሎሜና ብቻዋን ናት፤ ጣቶቿ መሃል የሌላ ሰው ጣቶች የሚያህል ክፍተት አለ።

አሁን አብረው ይኖራሉ። ማርዚያ በየጠዋቱ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ "ታዪኛለሽ?" ትላለች።

"አይሻለሁ" ትላታለች ፊሎሜና።

ዛሬ ግን ፊሎሜና መልስ ከመስጠቷ በፊት ድምፁ ወደመጣበት እጇን ዘርግታ ዳሰሰች።