ገና ላልተፀነሰ ልጅ

«ዋጠችው! በዓይኔ በብረቱ አየኋት» አለች መሰለች፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ጆሮ ጠጋ ብላ።

«ምኑን?»

«ኪኒኗን ነዋ! መከላከያውን። የልጇ አፈር እንኳ ሳይደርቅ!»

ሳሮን ሰማች። ከእነሱ ብዙም ሳትርቅ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤቷ መሰለች ሹክ ስትል ድምጿ ከሌላው ሰው ወሬ ይበልጣል። ሳሮን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ልጇ ሃሌሉያ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። የእድሩ ሰዎች ለሕፃን ድንኳን አይቆይም፣ የቀብሩ ዕለት ይበቃል ብለው ነበር። የሳሮን ባል ገሪማ «አራት ዓመት ኖራለች» ብሎ ብቻ መለሰላቸው። ድንኳኑ ቆየ። ከጨለለቅቱ በሞተር የመጡት የሳሮን ወንድሞች ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ያወራሉ።

የሚገባው ሁሉ «ከሥቃይዋ ተገላገለች» ይላል፤ ከዚያ «እግዜር ቶሎ ይተካልሽ» ይላታል። ሳሮን አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። ማልቀስ ነበረባት፤ እንባው አልመጣም።

ሃሌሉያ ስትወለድ የጀርባዋ አጥንት አልገጠመም ነበር። ተሰፋላት። ቆይቶ ጭንቅላቷ ውስጥ ውኃ ተጠራቀመና ውኃውን ወደ ሆዷ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ገባላት። እግሮቿ አንድም ቀን አልታዘዟትም። በር ላይ በትራስ ተደግፋ ትቀመጥና ባጃጆቹን በድምፃቸው ትለያለች።

«ጋዲሳ፣ ባጃጅህ ታሟል» አለችው አንድ ቀን።

«ሂጂ ወዲያ! ምን ሆኖ ነው የሚታመመው?»

«እሺ፣ ሲቆምብህ መጥተህ ትለምነኛለህ።»

በማግስቱ ባጃጁ መናኸሪያው ጋ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጋዲሳ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በራቸው ላይ ሞተሩን ያስነሳና «ዶክተር፣ ዛሬስ እንዴት ነው?» ይላታል። እሷም ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። አንዳንዴ ሆን ብላ ታቆየዋለች።

ትኩሳቱ የጀመራት በዕለተ ሰኞ ነው። ቅዳሜን አላየችም።

ከሰዓት በኋላ የገሪማ እናት ወይዘሮ ሸዋአለም ሳሮንን ወደ ጓዳ ጠሯት። ከእነሱ ጋር ነው የሚኖሩት።

«አምጪው» አሉ።

«ምኑን፣ እማማ?»

«አታድክሚኝ። ሴቱ ሁሉ የሚያወራበትን።»

ሳሮን አውጥታ ሰጠቻቸው። ሳያዩት በመዳፋቸው ጨበጡት።

«ቤታችን ባዶ ቀርቷል። አንቺ ደግሞ ልጅ እንዳይመጣ ትከለክያለሽ?»

«መከላከያ አይደለም። ፎሊክ አሲድ ነው። ልጁ ጀርባው ገጥሞ እንዲመጣ ነው።»

የወይዘሮ ሸዋአለም ዓይን ወደ ሆዷ ወረደ። «አለ እንዴ?»

«የለም። ከፀነስኩ በኋላ ብጀምረው ይዘገያል። አከርካሪው የሚገጥመው በመጀመሪያው ወር ነው፣ እናትየው እንኳ መፀነሷን ሳታውቅ። መድኃኒቱ ቀድሞ ሰውነቴ ውስጥ መገኘት አለበት። ሐኪሙ ከመፀነስሽ ሦስት ወር በፊት ጀምሪ፣ ከፀነስሽም በኋላ ሦስት ወር እንዳታቋርጪ ነው ያለኝ። አንድ እንዲህ ሆኖ ለተወለደባት እናት መጠኑም ከሌላው ይበልጣል። ገሪማ ያውቃል። አንድም ቀን መዝለል የለብኝም።»

«ከዋጥሽው ደህና ሆኖ ይወለዳል?»

«ሁልጊዜ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ግን ያድናል።»

አሮጊቷ መዳፋቸውን ከፍተው ኪኒኑን አዩት። ከድንኳኑ የመሰለች ድምፅ ይሰማል።

«ለሃሌሉያ ጤና ጣቢያ የሄድሽው በስንተኛው ወር ነበር?»

ሳሮን ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ሰምታው አታውቅም፤ ለራሷ ግን ልጇን ባዘለች ቁጥር ስትጠይቀው ኖራለች። ያኔ በሁለተኛው ወር ልትሄድ ለብሳ ስትወጣ አማቷ በር ላይ መለሷት። «ሆድሽ ሳይገፋ ምኑን ልታሳዪ ነው? የሰው ዓይን አለ። ደግሞ እዚያ የሚሰጡት ኪኒን ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ይጠናብሻል» አሏት። አሁን ይህን አንድ በአንድ ልትመልስላቸው ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሷል።

«በአምስተኛው» አለች።

«እኔ ነኝ የከለከልኩሽ።»

«በሁለተኛው ብሄድም ዘግይቶ ነበር፣ እማማ። ያኔ ጀርባዋ ሳይገጥም ቀርቶ ነበር።»

«ለእኔ ብለሽ ነው እንዲህ የምትዪው።»

«አይደለም። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ሌላ መልስ እንዲሰጠኝ ፈልጌ ነበር የጠየቅኩት።»

ወይዘሮ ሸዋአለም ቀና ብለው አዩአት። ከዚያ ኪኒኑን ሳይመልሱላት ወጡ። ሳሮን ተከትላ ልትጠይቃቸው ፈለገች፤ ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንዶቹ የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ሴቶቹ ለመሰናበት ገና ፍራሹ ላይ ናቸው። ወይዘሮ ሸዋአለም ከጓዳ ወጡ፤ በአንድ እጃቸው ብርጭቆ ውኃ፣ በሌላው አንዲት ኪኒን ይዘዋል። በሴቶቹ መሐል አልፈው ሳሮን ፊት ተንበረከኩ።

«እትዬ፣ እርስዎም?» አለች መሰለች።

«አንቺ ወንድ ልጅሽን ልትድሪ አይደል? ከማውራት ለሙሽራይቱም ሐኪም ጠይቂላት። ሳትፀንስ ነው የሚጀመረው።»

አንዷ ሴት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሳሮን ኪኒኑን አፏ ውስጥ አደረገች። ወይዘሮ ሸዋአለም ብርጭቆውን ወደ ከንፈሯ አስጠጉ፤ ባዶ የሆነው እጃቸው ደግሞ ሳያስቡት ወደ ኋላዋ ዞሮ ማጅራቷን ደገፈ። ሃሌሉያን ውኃ የሚያጠጧት እንደዚህ ነበር፤ ጭንቅላቷ ይከብዳት ስለነበር።

የሳሮን አንገት ድጋፍ አያስፈልገውም ነበር። ውኃውን ጨርሳ ጠጣችና የጭንቅላቷን ክብደት በሙሉ መዳፋቸው ላይ ጣለችው።