የሰው ባና

ይሥሐቅ ለሥራ ፈተና ደብረ ብርሃን ደርሶ ወደ ሞላሌ ሲመለስ፣ እናቱ የፈተለችለትን ጥቁር የበግ ጠጉር ባና እንደ ወትሮው ትከሻው ላይ አልጣለም። መናኸሪያው በተማሪ ተሞልቶ ባና ደርቦ መታየት ባላገርነቱን የሚያሳብቅበት መሰለውና፣ ገና ሳይነጋ በእንቅልፍ ልቡ ጠቅልሎ ማዳበሪያ ከረጢቱ ውስጥ ከታች ወተፈው። ከረጢቱ አውቶቡሱ ጣራ ላይ ተጫነ። እሱ በስስ ጃኬት መስኮት ሥር ተቀመጠ።

አጠገቡ ጥቁር ባና የተከናነቡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። «መሐል ሜዳ ነኝ» ሲሉ ሰማ እንጂ አላናገራቸውም። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲውጣቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መስኮቱ አልገጥም ብሎ ነፋሱ አንገቱ ሥር ይገባል። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እንደምንም እንቅልፍ ወሰደው።

«ሞላሌ! ሞላሌ የሚወርድ!»

ብንን ሲል ሞቆታል። ባና እስከ አገጩ ለብሷል። ጠጉሩ፣ ክብደቱ፣ ሽታው ሳይቀር ለብሶት ያደገው ነው፤ የማን ነው ብሎ ማሰብ እንኳ አልመጣለትም። ሰብስቦ ትከሻው ላይ ጣለና ተነሣ። አሮጊቷ ጫፉን ያዝ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይቺን እኮ...»

«እማማ፣ የሰው ልብስ ምን ያስጎትትዎታል?» አለ ጮክ ብሎ።

ከኋላ አንድ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ፣ «ብርዱ ነዋ! እናታችን የጎረምሳ ልብስ አማራቸው!» አለ።

መኪናው በሙሉ በሳቅ አውካካ። አሮጊቷ እጃቸውን ለቀቁ። ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው፣ «ግድ የለም፣ እመብርሃን ትከተልህ» አሉት። ይሥሐቅ ደረቱን ነፍቶ ወረደ።

ቤት ሲገባ እናቱ ጌታነሽ ገና ስማው ሳትጨርስ ባናውን በሁለት ጣቷ ፈተግ ፈተግ አደረገችው።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ።»

«የኔ ፈትል ነው ይሄ? ይሄ እጇ የደከመ ሴት ፈትል ነው። እየው፣ እዚህ ይቀጥናል፣ እዚህ ይወፍራል።»

ከረጢቱን ዘረገፈው። ሸሚዝ፣ ደብተር፣ ጫማ ወጣ። መጨረሻ ላይ የእናቱ ባና ዱብ አለ።

«ምነው ፊትህ ቀላ?»

«ሰው ገፍፌ መጣሁ፣ እማዬ።»

ነገሩን ስትሰማ እናቱ አልተቆጣችም፤ ባናውን አጣጥፋ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ ይህ ባሰበት። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ፣ በነጠላ ብቻ፣ በሚሳለቅ ሰው መካከል። ደግሞ መርቀውታል።

«ለሹፌሩ ስጠው፣ ያደርስልሃል» ብትለው ልቡ ከጀለ። ሹፌሩ ግን የአሮጊቷን ልብስ ይመልስ ይሆናል እንጂ ስማቸውን ከየት አምጥቶ ይመልሳል? ያን ሌሊት ባናውን ከአልጋው ራቅ አድርጎ ሰቅሎት እንኳ እንቅልፍ አልወሰደውም።

በገበያው ቀን መሐል ሜዳ ወጣ። መንገዱን ሙሉ የይቅርታ ንግግር ሲያሳምር ነበር። በግ ተራውን አልፎ፣ እህል ተራውን አልፎ፣ ጠጉር ከሚሸጡት ሴቶች መካከል አገኛቸው፤ ሁለት ነጠላ ደርበዋል።

አጠገባቸው ያለችው ሴት ቀድማ አየችው። «አልጣሽ! ባናሽ በእግሩ መጣልሽ!»

ያሳመረው ንግግር ጠፋበት። ተንበረከከ። ድምፁን ግን አልቀነሰም፤ ያን ለት ጮኾ አልነበር? «ልብሱ የሳቸው ነው! ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ አልብሰውኝ፣ እኔ በሰው ፊት አዋረድኋቸው!»

ገበያተኛው ዞረ። እማማ አልጣሽ ግራ ቀኙን አዩና ጉንጩን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት። «ኧረ ቀስ በል! ሰዉ ምን ይላል? ተነሥ በል።»

«ለምን ያኔ የኔ ነው አላሉም?»

«ያ ሁሉ ሰው እያየህ ልግፈፍህ? አንተስ አታፍርም ነበር? ያንተ የታለ?»

«ከረጢት ውስጥ ነበር። በከተማ ሰው ፊት... አፍሬበት።»

ሴቶቹ ሳቁ። እማማ አልጣሽ አልሳቁም። ባናውን ተቀብለው አራገፉት፣ ተከናነቡት፤ ከዚያ ስሱን ጃኬት አዩና አንዱን ጫፍ ከፍ አደረጉለት።

«ና፣ መኪናህ እስኪሞላ።»

ከጫፉ ሥር ገብቶ ተቀመጠ። ሞቀው። ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አልቻለም።